ወደ ወደራ ሣር ሲሄዱ በኬላ ተይዘው ስላለቁት የኦቦ ዳባሶ ላሞች

ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.
ነጌሌ ቦረና

ለቁም እንስሳት ዝውውርና ንግድ ቁጥጥር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ወ/ሮ በድሪያ አብዱልሃሚድ፣ የነጌሌ ከተማ ነዋሪ፣ በንግድ ሥራ የምትተዳደር

ጉዳዩ፦ የገዛ ከብታችንን ከድርቅ ስናሸሽ በኮንትሮባንድ ስም ስለተወረሱብን ላሞች፣ ስለ ሟቹ ስም መጽዳት፣ እንዲሁም ባለቤት ከብቱን ወደ ግጦሽ ሲወስድ የንግድ ፈቃድ የሚጠይቀው መመሪያ እንዲነሣ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ቀደም ሲል የጻፍኳቸውን ሁለቱን አሳጥሪ ተብዬ አሳጥሬ ነበር። የተሰጠኝም መልስ አጭር ነው፤ «ጉዳዩ በሕግ አግባብ ታይቶ ተዘግቷል» ይላል። አሁን ግን ከሥሩ ጀምሬ እንደሆነው ሁሉ አስረዳለሁ። አማርኛዬ እዚሁ ነጌሌ ትምህርት ቤትና ገበያ የተማርኩት ነው፤ የጎደለውን እንዲሞሉልኝ፣ የበዛብዎትን እንዲታገሡኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

1. እኔ በነጌሌ ገበያ የገመድ፣ የጀሪካንና የሸራ ሱቅ አለኝ። ሟቹ ባለቤቴ ሳሊም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አንዲቱን አይሱዙ ትቶልኝ ሄዷል። ሳሊም በሕይወት ሳለ ከሥራው የተረፈውን ባንክ አያስገባም ነበር። ላም ይገዛና ሊበን ወስዶ ከወዳጁ ከኦቦ ዳባሶ መንጋ ይቀላቅላል። ወተቱ ለዳባሶ ቤት፣ ጥጃው ለሁለታችን። ውል አልጻፍንም፤ ተጣልተንም አናውቅም። ሳሊም የሞተ ዕለት ዳባሶ ከሊበን በእግሩ መጥቶ፣ ለቅሶው ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ሀደ ካውሰር፣ የሳሊም ላሞች አሉ፤ አትስጊ» አለኝ። ካውሰር ልጄ ናት፤ «የካውሰር እናት» እያለ በልጄ ስም ነበር የሚጠራኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥጃ በተወለደ ቁጥር፣ መንገደኛም አግኝቶ ቢሆን፣ ሳያስነግረኝ ቀርቶ አያውቅም።

2. በ2014 ዓ.ም. ዝናቡ ደጋግሞ መቅረቱን ጽሕፈት ቤትዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። የሊበን ሜዳ ቀይ አፈር ብቻ ሆነ። ላሞቹ ሲወድቁ ሁለት ሰው ጭራና ቀንድ ይዞ ያነሣቸዋል፤ በማግሥቱ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንሣቱ ይቀራል። ዳባሶ ከነበሩት ከብቶች አብዛኞቹን እዚያው አጣ። የቀሩት ቆመው የሚሄዱ የእሱና የእኔ ላሞች አንድ መኪና የሚሞሉ ነበሩ።

ሙሉነህ የሚባል የሳሊም የጥንት ወዳጅ በወደራ ደጋው በኩል የታጠረ የሣር ቦታ አለው። ስደውልለት «አምጧቸው፤ ዝናብ እስኪመጣ እዚህ ይክረሙ» አለን። መኪናው የእኔ፣ ላሞቹ የእኛ፣ ሣሩ የወዳጃችን ነው። በዚህ መካከል የሌላ ሰው ንብረት የለም። በዚያን ጊዜ የቸገረን ላሞቹ ደክመው በመንገድ እንዳይሞቱ ብቻ ይመስለን ነበር።

3. ሾፌራችን ሽመልስ ግን «እትዬ፣ ከብት ያለ ፈቃድ መጫን ተከልክሏል፤ መጀመሪያ ወረቀት ይያዝ» ስላለን፣ ዳባሶና እኔ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድን። እዚያ ያገኘናት ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ናት፤ እንጀራዋ ስለሆነ ስሟን አልጠቅስም። ቅጹ የሚነሡበትን ቦታ፣ የሚደርሱበትን ገበያ፣ የሻጭና የገዢ ስም፣ የገዢን የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። ገዢ የለም አልናት። «እንግዲያው ለምን ይጓዛሉ?» አለች። ሣር ሊበሉ አልናት። ወረቀቱን ደጋግማ አገላብጣ አየችና ለሣር የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ እንደሌለ ነገረችን። ራርታልንም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአንዱን ነጋዴ ስም ይጻፉና ይሂዱ፤ ማን ያየዋል?» አለችኝ።

ይህን ለዳባሶ በኦሮምኛ ነገርኩት። እሱም፣ «ያልሸጥኩትን ሸጥኩ ብዬ በጣቴ ፈርሜ፣ ነገ ያ ሰው መጥቶ ላሞቼን ስጠኝ ቢለኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» አለ። ክቡር ሆይ፣ ዳባሶ ፊደል አልቆጠረም። ሆኖም ከዚያ ቢሮ ፈቃድ ሳንይዝ የወጣነው ውሸት ለመጻፍ ስላልተስማማን መሆኑ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። በምትኩ ከብቱ የራሳችን መሆኑን የሚገልጽ የቀበሌ ማረጋገጫና ከበሽታ ነጻ መሆናቸውን የሚያሳይ የእንስሳት ጤና ወረቀት ይዘን ተነሣን። እውነተኛ ወረቀት ይበቃል ብለን አሰብን።

4. ከነጌሌ ወደ ወደራ በሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን በተተከለ ጊዜያዊ ኬላ ላይ አስቆሙን። ሁለቱን ወረቀት ሰጠሁ። የፈረቃው ኃላፊ አነበባቸውና «ይህ ፈቃድ አይደለም» አለ። ወረዳውም ሊበንም ከብቶቹ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ መሆኑን፣ ከፈለገ ስልክ መደወል እንደሚችል አስረዳሁት። መልሱን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «እማማ፣ እኔ ከብቱ የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ፈቃድ አለ ወይ ነው ያልኩት።»

ወዴት ልንወስዳቸው ነው ብለው እንደጠረጠሩን ጠየቅሁ። ወደ ኬንያ አለኝ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ሰሜን ነበር። ኬንያ ከኋላችን ናት አልኩት። ሽመልስ ሳቀ፤ በመሳቁም ከመኪናው አውርደው ከፀሐይ ላይ አስቀመጡት።

በዳባሶና በእኔ ስም የኮንትሮባንድ ክስ መዝገብ ተከፈተ፤ መኪናው ታገደ፤ ላሞቹም ወርደው ከኬላው ጀርባ ለመንገድ ሥራ የጠጠር ማከማቻ በነበረ ግቢ ገቡ። ግቢው በሽቦ የታጠረ ነው። ዛፍ የለውም፤ ሣር የለውም። መሬቱ ጠጠር ነው።

5. በማግሥቱ ሙሉነህ ነገሩን ሰምቶ ከወደራ ድርቆሽ ጭኖ ላከ። አጥሩ ሥር አራገፍነው። ወደ ውስጥ ልናስገባ ስንል ጠባቂዎቹ ከለከሉን። የፈረቃው ኃላፊ፣ ላሞቹ ኤግዚቢት ስለሆኑ ያለ ትእዛዝ ምንም ነገር ሊሰጣቸው እንደማይቻል፣ ታመው ቢሞቱ «ተመርዘው ነው» የሚል ክርክር እንደሚነሣ ገለጸልን። ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው? ጽሕፈት ቤትዎ ነው። ወደዚህ መጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሰዎች ምሳ በልተው እስኪመለሱ፣ ተመልሰውም እስኪወጡ ተቀመጥኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። ያን ጊዜ በቦታው የነበሩት እርስዎ ሳይሆኑ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ወቀሳዬም በሰው ላይ አይደለም።

እኔ አግዳሚው ላይ ሳለሁ ዳባሶ ከአጥሩ አልተለየም። ላሞቹ ድርቆሹ ሸተታቸው። ሁሉም ወደዚያው ጥግ ሄደው ሽቦውን በደረታቸው እየገፉ ቆሙ። ነፋስ አንዳንድ የድርቆሽ ሰበዝ ወደ ውስጥ ሲያስገባላቸው በዚያች ሰበዝ ላይ ይተራመሱ ነበር። ዳባሶ በስማቸው እየጠራ ያረጋጋቸዋል፤ ነጯን ዳሌቲ፣ ጥቁሯን ጉራቲ ይላታል። መጀመሪያ የወደቀችው ዳሌቲ ናት። የሳሊም ላም ነበረች፤ ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት መጨረሻ የገዛት። ተመልሼ ስመጣ ዳባሶ አላለቀሰም። «አየሽ» አለኝ፣ «ድርቅ ሲገድል እንኳ አጥር አያጥርም።»

አንድ ጠባቂ፣ የገጠር ልጅ መሰለኝ፣ አለቃው በሌለበት ፊቱን አዙሮ ቆሞ ጥቂት ድርቆሽ በሽቦው ሥር እንድናሾልክ ፈቀደልን። እሱንም ስሙን አልጽፍም። አላህ ይክፈለው።

6. ውሃውም እንደዚያው ነበር። አንድ በርሜል በጠዋት ይቀርባል፤ ጠንካሮቹ ይጠጣሉ፣ ደካሞቹ ጋ ሲደርስ ያልቃል። በአንደኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጠባቂዎቹ ከጥላ ሥር ምሳ ሲበሉ፣ ዳባሶ ከሱቄ ያመጣሁለትን ጀሪካን ሞልቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ለወደቀችው ጉራቲ በእጁ እየዘገነ አጠጣት። ሲመለስ የዛገው ሽቦ ከጉልበቱ በታች ሥጋውን ቀደደው። ሽመልስ «ኦቦ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ፤ መኪና ለምነን እንሄዳለን» ብሎ ለመነው። ዳባሶ ግን እሱ ዞር ካለ ላሞቹን የሚጠራቸው ሰው እንደማይኖር ተናግሮ፣ ቁስሉን በሽርጡ ጫፍ አሥሮ እዚያው ተቀመጠ። እኔ ሳገኘው ሽርጡን ዝቅ አድርጎ ሸፈነብኝ። ደኅና ነኝ አለኝ፤ አመንኩት።

7. በመጨረሻ ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ወጣ። እንድናበላቸው የሚፈቅድ ሳይሆን፣ «በሕይወት ያሉት ከብቶች ሳይበላሹ» በሐራጅ እንዲሸጡ የሚያዝ ነበር። ለሐራጁ መቅረብ የሚችለው የቁም እንስሳት ንግድ ፈቃድ ያለው ብቻ ስለሆነ ባለቤቶቹ መጫረት አልተፈቀደልንም። አንድ ነጋዴ ወሰዳቸው። ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ ሻጭ አለው፣ ገዢ አለው፣ ገበያ አለው። መኪናው ሲነሣ ወደ ወደራ አልሄደም። አፍንጫውን አዙሮ፣ እኛ የመጣንበትን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ በማላውቀው አልመሰክርም። የማውቀው፣ ወደ ሣር ሲሄዱ የተከለከሉት ላሞች ወደ ጠረፍ አቅጣጫ ሲሄዱ ኬላው ገመዱን ዝቅ አድርጎ ማሳለፉን ነው። ዳባሶ አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ አየ።

8. እኔ ቤት ወስጄ አሳደርኩት። በሦስተኛው ቀን ልጄ ካውሰር ቁርስ ስታቀርብለት አፉን መክፈት አቃተው። የደከመው መስሎን ነበር። ከሰዓት በኋላ ጀርባው እንደ ቀስት ተወጠረ። ሆስፒታል አደረስነው፤ ሐኪሙ እግሩን ገልጦ ሲያይ መንጋጋ ቆልፍ መሆኑንና ዘግይተን መምጣታችንን ነገረን። በሽታው አእምሮን አይነካም፤ እስከ መጨረሻው ሁሉን ይሰማ ነበር። ሚስቱ ሎኮ ከሊበን ደርሳ እጁን ስትይዘው ሊናገራት ፈለገ፤ ጥርሱ አልላቀቅ አለው። ምን ሊላት እንደፈለገ እስካሁን ትጠይቀኛለች።

9. ከሞተ በኋላ የክሱ መዝገብ «አንደኛ ተጠርጣሪ በመሞቱ» ተብሎ ተዘጋ፤ ውርሱ ግን ጸና። እኔ ሁለተኛ ተጠርጣሪ ነበርኩ፤ መኪናዬም እኔም በዋስ ተለቀቅን። ከዚያ ወዲህ ሎኮ ከብት ላለቀባቸው የሚሰጠውን ድጋፍ ስትጠይቅ፣ ባልሽ በኮንትሮባንድ የተያዘ ነው ብለው መልሰዋታል። ኦቦ ዳባሶ በዕድሜው ጠረፍ የረገጠው ለጋብቻ ሽምግልና ብቻ ነው። የሰው ጥጃ ከመንጋው ቢቀላቀል ባለቤቱን ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ሰው ነበር። አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሌባ ነው፤ ተነሥቶም «አይደለሁም» ሊል አይችልም።

10. ክቡር ኃላፊ፣ ኮንትሮባንድ የለም አልልም። ገበያ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አለ። ግን ኮንትሮባንዲስት ወረቀት አያጣም። መመሪያው ከወጣ ወዲህ ወረቀት ያለው ያልፋል፤ ያጣው ላም ያለው ሰው ነው። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ከብት ሁሉ ለሽያጭ የሚንቀሳቀስ መስሏቸዋል። እዚህ አገር ከብት የሚንቀሳቀሰው ደመና ወዳለበት ነው። ደመናው ደግሞ ማመልከቻ አይጠብቅም። ዛሬ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው ከብቱን ጠዋት ያየው ሰው እንጂ ቢሮ ያለ ሰው ሊሆን አይችልም፤ ቢሮው ቅን ቢሆንም አይችልም።

ደግሞም የሆነው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። የእኛ መያዝ ከተሰማ በኋላ ከነጌሌ ሾፌሮች ለግጦሽ ከብት የሚጭን ጠፋ። የሊበን ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው መኪና ይለምኑኝ ነበር። ሽመልስን ስጠይቀው «እትዬ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ፤ አልፈረድኩበትም። እነዚያ ሰዎች ተመልሰው ሄደው ከብታቸው እበራቸው ላይ ሲያልቅ ተመለከቱ። ወደራ ሣሩ ነበር፤ መኪናም ከተማ ውስጥ ቆሞ ነበር። በመካከል ያለው ቅጽ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለዜጋ የንብረት ባለቤትነትን፣ ለአርብቶ አደር ደግሞ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትን መብት ይሰጣል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ላሜ የእኔ ከሆነች፣ ስትራብ ወደ ሣር ለመውሰድ የማንን ፈቃድ እጠይቃለሁ? ካስፈቀድኩና ከተከለከልኩ ደግሞ፣ ላሚቱ የእኔ የሆነችው በምኑ ላይ ነው? ሲሞት ብቻ የእኔ የሚሆን ንብረት አለን?

11. ስለዚህ የሚከተለው እንዲወሰንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) ሟቹ ኦቦ ዳባሶ በኮንትሮባንድ ሥራ እንዳልተሰማራ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለባለቤቱ ለወ/ሮ ሎኮ እንዲጻፍላት፤ ደብዳቤው በኦሮምኛም እንዲሆን፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲነበብ ሊሰማው ይፈልጋልና።

ለ) በሐራጅ በተሸጡት ምትክ የዳባሶ ድርሻ ለሎኮ በከብት እንዲመለስላት። የእኔን ድርሻ አልጠይቅም። የእኔ ልጅ ከሱቅ ትበላለች።

ሐ) ባለቤት የራሱን ከብት ወደ ግጦሽ ወይም ወደ ውሃ ሲወስድ የቀበሌና የጤና ማረጋገጫ እንዲበቃው፣ የገዢ ስም መጠየቁም እንዲቀር።

መ) ከሁሉም በፊት፣ በኬላ የተያዘ ከብት ክርክሩ እስኪያልቅ ባለቤቱ እንዲያበላውና እንዲያጠጣው ዛሬውኑ ትእዛዝ እንዲተላለፍ። ይህ ስብሰባ የሚጠብቅ አይመስለኝም።

12. አቤቱታዬን ከመፈጸሜ በፊት ላሳውቅዎ የሚገባ ነገር አለ። ዘንድሮም ዝናቡ አልመጣም። የዳባሶ ጎሳ ተሰብስቦ፣ ቡሳ ጎኖፋ በሚሉት ከብት ላለቀበት ወገን ከብት በሚያዋጡበት ሥርዓታቸው፣ ለሎኮ የሚታለቡ ላሞች ሰጥቷታል። የሰጡት ሰዎች ራሳቸው የተረፋቸው ጥቂት ነው፤ ቅጽም አላስሞሏትም። እነዚያ ላሞች አሁን መውደቅ ጀምረዋል። ሙሉነህ ወደራ ያለው ሣር ዛሬም እንዳለ ነግሮኛል።

ስለዚህ ጥር 18 ቀን ጠዋት ላሞቹን በመኪናዬ ጭኜ በዚያው መንገድ እሄዳለሁ። የሰሌዳ ቁጥሩ በፊተኛው መዝገብ አለ። ከዚያ በፊት ፈቃድ ቢሰጠኝ በደስታ ይዤ እሄዳለሁ፤ ባይሰጠኝም እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው ሕግን ንቄ አይደለም፤ ኮንትሮባንዲስት የሚሄድበትን ቀን ለመንግሥት ጽፎ አያስገባም። ለሽመልስ ሥራውን ሊተው እንደሚችል ነግሬው ነበር። አንድ ሌሊት አስቦ መጣና፣ «ሌላ ሾፌር ጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ላሞቹን ይጥላቸዋል፤ እኔው እነዳለሁ» አለኝ።

ኬላው ላይ መያዝ ካለብኝ አልሸሽም፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ያገኙኛል። ያውርዱኝ፤ እሥር ቤትም ይውሰዱኝ፤ ፈርሜ እገባለሁ። የምለምነው መኪናው እንዲያልፍ ብቻ ነው። ሎኮ ከኋላ ከላሞቿ ጋር ቆማ ትሄዳለች፤ ሽመልስም የወደራን መንገድ ያውቃል።

መልስዎን ከቢሮዎ ኮሪደር ተቀምጬ እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታና ከአክብሮት ጋር፣

(ፊርማ)
በድሪያ አብዱልሃሚድ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ሎኮ፣ ሊበን (በኦሮምኛ በቃል ተነግሯታል፤ «አንድም ቃል አትቀንሺ» ብላለች)